አደብ ከየት ይገዛል?

«አደብ ግዛ!»

ይህን ሳይሰማ ያደገ ልጅ በአገራችን የሚገኝ አይመስለኝም። ልጇ ሲያስቸግራት ክርስቲያኗም ሙስሊሟም እናት የምትለው ይህንኑ ነው። ቃሉ ዐረብኛ ነው፤ በእስልምናው የዕውቀት ቤት ደግሞ ከኪታብ ሁሉ ቀድሞ የሚሰጥ ትምህርት ነው። «ሐቅ»ም፣ «ቀልብ»ም የመጡት ከዚያው ከዐረብኛ ነው። ከአቦልና ከቶና ቀጥሎ የሚቀዳውን ሦስተኛ ሲኒ «በረካ» የሚል ሰው፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ አንድ የእስልምና ቃል በየቀኑ ከቡናው ጋር ፉት ይላል። እነዚህን ቃላት በአዋጅ ያስገባቸው የለም። ጎረቤት ከጎረቤት ሲኖር፣ ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪው፣ ከመንደር መንደር ሲዞር፣ ነጋዴ ገበያ ላይ ሲምል ገብተው ቀሩ።

በሙስሊሙ ማኅበራዊ ኑሮ፣ ትምህርትና ባህል ውስጥ እስላማዊ እሴት ዛሬ በምን ይዞታ ላይ ነው ብሎ ለሚጠይቅ፣ መነሻዬ ይህቺው ቃል ናት። የኢትዮጵያ ሙስሊም ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ብዙ አግኝቷል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በመቶ ሺህ የሚገመት ሰው፣ ክርስቲያን ወንድሞቹን ጨምሮ፣ የእኩልነት ጥያቄ ይዞ ወጣ። በዓመቱ ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ የአገር በዓል ሆኑ። በ2012 ዓ.ም. የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ሥራ ጀመረ። መስጊዱ በዛ፤ ቴሌቪዥኑ መጣ፤ ቁርአን በስልክ ይደመጣል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከሕዝቡ 33.9 በመቶ የሆነው ይህ ማኅበረሰብ አባቶቹ ያላዩትን ቀን እያየ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አደብ የሚሰጥበት ያ አሮጌ ቤት እየፈረሰ ሲሄድ፣ አዲሶቹ ቤቶች አደቡን ከየት ያመጡታል?

አሮጌው ቤት ምን ይመስል እንደነበር ላስታውስ። በወሎ ሐሪማ ይባላል። አንድ ሸኽ፣ ጎጆዎች፣ ትንሽ መስጊድ፣ ዙሪያውን የደረሳ ማደሪያ። ልጁ ከሁሉ በፊት ቁርአን ይቀራል፤ የሚቀራውም በሉሕ ነው። ሉሕ ተጠርቦ የለሰለሰ የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ ቀለሙ ከጥቀርሻ ይበጠበጣል፤ ብዕሩ መቃ ነው። ልጁ የተጻፈለትን በቃሉ ሲይዝ ሉሑ ይታጠብና አዲስ ይጻፍበታል። አያቴ ሉሑን ሲያጥቡ የነገሩኝን አልረሳም። ያ ውሃ ዝም ብሎ አይደፋም፤ የአላህ ቃል የታጠበበት ነውና እግር የማይረግጠው ቦታ ተፈልጎ ነው የሚፈሰው። የሰባት ዓመት ልጅ አንዲት ፊደል ገና በቅጡ ሳይለይ ክብር ምን እንደሆነ በእጁ ያውቀዋል። ስለ ክብር አንድም ቃል አልተነገረውም፤ ውሃውን ይዞ ጥግ ሲፈልግ ነው የተማረው።

ከቁርአን በኋላ ኪታብ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ፊቅህ፣ የሕጉ ትምህርት፣ የሚጀምረው ከሰፊና ነው፤ አቡ ሹጃዕን አልፎ እስከ ሚንሃጅ ይዘልቃል። ነህው፣ የዐረብኛው ሰዋስው፣ ከአጅሩሚያ ተነሥቶ አንድ ሺህ ስንኝ እስካለው አልፊያ ይደርሳል። ተፍሲር፣ የቁርአን ትርጓሜ፣ መጨረሻ ላይ ነው። ሁሉንም በአንድ ቦታ የሚያገኝ ደረሳ ጥቂት ነው። አንዱ ሸኽ በፊቅህ፣ ሌላው በነህው ይታወቃልና ልጁ ጓዙን በጀርባው አዝሎ ከአንዱ የወሎ ሐሪማ ወደ ሌላው፣ ከዳና ወደ ጌታ፣ ከዚያም ወደ ሾንኬ ይሻገራል። ዓመታት ይፈጅበታል። የሚበላው የመንደሩ ነው። ራሷ ከልጆቿ ጋር ስትቆጥብ የምታድር ሴት ለደረሳው ድርሻውን ታስቀምጥለታለች። ደረሳው ደግሞ የሸኹን ማሳ ያርማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል፤ ይህ ኺድማ ነው፤ ከትምህርቱ አይለይም።

ይህንን ሁሉ በናፍቆት ብቻ ማየት ግን ሐቅን መደበቅ ነው። ዱላው ከባድ ነበር። ረሀብና ቅማል ነበር። አብዛኛው ደረሳ ዐረብኛ ነህው ሲተነትን ኖሮ በአማርኛ አንዲት ማመልከቻ መጻፍ አይችልም ነበር፤ መንግሥት ቢሮ ሲገባ መሃይም ተብሎ ይቆጠር ነበር። ሴት ልጅ ጥቂት ምዕራፍ ከቀራች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጓዳ ትመለሳለች። ከሐሪማ የተረፈልንን ስንሰበስብ ይህንን አብረን መሰብሰብ የለብንም።

ሐሪማው ደግሞ ዐረብኛ ብቻ የሚነገርበት ደሴት አልነበረም። ሟቹ የታሪክ ተመራማሪ ሁሴን አህመድ በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በወሎ ስለነበረው እስልምና በጻፉት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ እነዚህ የዕውቀት ማዕከላት ከሕዝቡ ኑሮ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ሲያስገድድ ከተቃወሙት መካከል የነበሩት ሸኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር፣ ዐረብኛ ለማያውቅ ገበሬ በአማርኛ፣ በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ሃይማኖቱን በመንዙማ አስተምረዋል። በወታደርና በአዋጅ መካከል ቆሞ ለገበሬ በቋንቋው ግጥም የሚጽፍ ዓሊም፣ ለእኔ የእስልምና ትምህርት በአማርኛ ሊሆን የሚችለውን ከፍታ ያሳያል። በ1961 ዓ.ም. ቁርአን በአማርኛ ተተርጉሞ ሲታተምም፣ ተርጓሚዎቹ ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅ የሄዱት ያንኑ መንገድ ነው።

ዛሬ ልጆቻችን የሚማሩት የት ነው? ከተማ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ መድረሳ ነው፤ ክረምት ላይ ሒፍዝ፣ ቁርአንን በቃል መያዝ፣ ነው፤ አቅም ላለው ደግሞ ሒሳቡንም ቁርአኑንም የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት አለ። የተገኘው ትልቅ ነው። ሴቶች ልጆች ከወንዶች እኩል፣ አንዳንድ ቦታም በልጠው፣ ሐፊዝ እየሆኑ ነው። እናቶች ራሳቸው ጠዋት ተሰብስበው ተጅዊድ ይማራሉ። አያቴ ይህን ቢያዩ ያለቅሱ ነበር። የጎደለውን ግን ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። ልጁ ከቁርአን ዐሥር ጁዝእ (ክፍል) ሸምድዶ ይመጣና እናቱ ዕቃ ተሸክማ ስትገባ ከስልኩ ቀና አይልም። ውድድሩ በስንት ጁዝእ ነው፤ ሽልማቱም ለዚያ ነው። ኺድማ ቀርቷል። ኡስታዙ ሠላሳ ልጅ ይዞ ለሁለት ሰዓት ያስተምርና ይሄዳል፤ ልጆቹ እንዴት እንደሚበላ፣ ከቤተሰቡ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር፣ ሲናደድ ምን እንደሚሆን አያዩም። ቀድሞ አደብ የሚተላለፈው አብሮ በመኖር ነበርና፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ላይገኝ ይችላል።

ኡስታዞቹን አልወቅስም። ከብዙዎቹ ጋር ተቀምጬ አውቃለሁ፤ የሚከፈላቸው የቤት ኪራይ አይሸፍንም። ለመስጊድ ሚናራ ብር ለማውጣት የምንሽቀዳደም ሰዎች የኡስታዙን ደመወዝ ለማሳደግ ስንጠየቅ ዝም እንላለን። ሠራተኛ ዋጋውን ሳይዘገይ እንዲያገኝ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አጥብቀው አስተምረው ሳለ፣ ይህንኑ ሐዲስ ለልጆቻችን የሚያስተምረውን ሰው በወሩ መጨረሻ ማስጠበቅ ከባድ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። የድሮዋ የመንደር ሴት ለደረሳ የምታስቀምጠው እንጀራ ከእኛ የባንክ ዝውውር ይበልጣል፤ ከጉሮሮዋ ነጥላ ነበርና።

በትምህርት ጉዳይ ሌላም አደብ አለ፤ መብትን የመጠየቅ አደብ። ጥር 2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባው አወሊያ ትምህርት ቤት የተነሣው የሙስሊሞች የመብት ጥያቄ «ድምፃችን ይሰማ» ተብሎ አገር ሲያዳርስ፣ በየጁምዓው ብዙ ሺህ ሰው ሲቆም፣ ጥያቄውን ያቀረበው ኮሚቴ አባላት ታስረው በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት ሲፈረድባቸው፣ ወጣቱ ድንጋይ እንዳያነሣ እርስ በርሱ ሲጠባበቅ አይተናል። ሰብር፣ ትዕግሥት፣ የሚባለውን ቃል በኪታብ የተማርነው ብዙ ነን፤ በእነዚያ ጁምዓዎች በአዲስ አበባው አንዋር መስጊድ ደጃፍ ያየነው ግን ከኪታቡ ይበልጥ በቀልባችን ቀርቷል።

ከዚያም አክሱም አለ። ታኅሣሥና ጥር 2017 ዓ.ም. በአክሱም ሴት ተማሪዎች ሒጃባችሁን ካላወለቃችሁ ተብለው ከትምህርት ገበታ ተከለከሉ። የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት እንዳስታወቀው 159 ልጆች ለአገር አቀፍ ፈተና እንዳይመዘገቡ ተደርገዋል። ፍርድ ቤት ክልከላው እንዲታገድ አዘዘ፤ መቀሌ ላይም ሰልፍ ተወጣ። ስለዚህ ጉዳይ የምጽፈው ቀልቤ ሳይረጋ ነው። በ615 እ.ኤ.አ. ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም መንግሥት ከመጡት መጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች መካከል የነቢዩ ልጅ ሩቀያ ነበረች። ንጉሡ በሃይማኖቷ አላስጨነቃትም። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ በዚያው አክሱም ሴት ልጅ ከፊዚክስ ፈተናና ከራስ መሸፈኛዋ አንዱን ምረጪ መባሏ፣ ዒልምንና ሐያእን፣ ዕውቀትንና ጨዋነትን፣ ማጣላት ነው። እስልምና ሁለቱንም ያዘዛት ልጅ ናት። የራስ መሸፈኛ ያሰረ ጭንቅላት ሒሳብ እንደሚሠራ ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም፤ እናቶቻችን ነጠላቸውን ተከናንበው ገበያ ላይ ሲያሰሉ ኖረዋል።

ወደ ሰፈር ልመለስ። ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት መያዙ ወሬ አይደለም። ሰርግ ሲሆን ሥጋው ለሁለት ይታረዳል፤ የሙስሊሙ ወጥ በአንድ ድስት፣ የክርስቲያኑ በሌላ ድስት። የሚያስደንቀኝ ድስቶቹን የሚጠብቁት ሴቶች ናቸው። አንዷ ማማሰያ ወደ ሌላው ድስት እንዳይሻገር ከሁለቱም ወገን ዐይናቸውን አይነቅሉም። ክርስቲያኗ ሙስሊሟን ሐራም እንዳታበላት ትጠነቀቃለች፤ ሙስሊሟም የጎረቤቷን ፆም ታስታውሳለች። ይህ ሃይማኖትን ማደባለቅ ነው የሚሉ ወጣት ሰባኪዎች አሉ። ቆም ብለው ቢያዩት፣ ማማሰያዎቹ አልተደባለቁም። ሁለቱም ሕጋቸውን የጠበቁበት፣ አንዷ የሌላዋን አማና (አደራ) የያዘችበት ነው። ቀብር ላይ መስጊዱ ደጅ ነጠላ አዘቅዝቆ የሚቆመው ክርስቲያን ጎረቤትም የሚያደርገው ያንኑ ነው። በሐረር ደግሞ አፎቻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አለ። ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ 82 መስጊድና 102 የቅዱሳን መቃብር በሚቆጠርበት ከተማ፣ ሰርግና ቀብር በአፎቻ ነው የሚወጣው። አባል የሆነ ሰው ብቻውን አያለቅስም።

ይህን አብሮነት እያሳሳ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። የትግራይ ጦርነት አለ፤ ኅዳር 2013 ዓ.ም. በትግራይ የሚገኘው የነጃሺ መስጊድ ሳይቀር ተመታ። ፖለቲካው አለ። አዲሱ የኮንዶሚኒየም ኑሮ አለ፤ ሰው ከላይ ቤቱ የሚኖረውን በስም አያውቅም። በእኛም በኩል የእልህ ሰባኪ አለ። ስልክ ላይ ከፍ ብሎ የሚጮህ ሰው በአንድ ቀን የሚያገኘውን ተከታይ፣ በሐሪማ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠ ሸኽ ዕድሜውን ሙሉ አላገኘም።

ይህ ወደ መንዙማውና ወደ መውሊዱ ያመጣኛል፤ የኢትዮጵያ ሙስሊም ባህል ሲነሣ ክርክሩ የሚጦፈው እዚህ ነውና። በደቡብ ወሎ ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ የሚተመው ሕዝብ፣ በባሌ ድሬ ሸኽ ሁሴን የሚሳለመው፣ ማታ ማታ ወዳጃ ተቀምጦ ዱዓ የሚያደርገው፣ ቡና አፍልተው የሚመርቁት የወሎ ዱበርቲዎች በአንድ ወገን አሉ። ይህ ሁሉ በነቢዩ ዘመን አልነበረም፤ ቢድዓ፣ መጤ ፈጠራ፣ ነው የሚሉ በሌላ ወገን አሉ። እኔ የመንዙማ ልጅ ነኝ። ድቤው ሲመታ፣ የመንዙማ ባለሙያው የሸኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ ድምፅ ሲሰማ ጸጉሬ ይቆማል። ቢሆንም የሌላውን ጥያቄ ባዶ ነው አልልም። መቃብር ላይ የሚደረግ አንዳንድ ነገር ከተውሒድ ጋር እንደማይሄድ ድሮም የወሎ ሸኾች ራሳቸው ይቆጡ ነበር። ክርክሩ ዓሊሞች መካከል ቢቀጥል ዕውቀት ነው። መስጊድ ውስጥ ማይክ መነጣጠቅ፣ አባትን በአደባባይ «ሙሽሪክ» ብሎ መጥራት፣ «ወሃቢ» ብሎ ሰላምታ መንሣት ግን በየትኛው መዝሀብ ተፈቀደ? አራቱ ኢማሞች ተለያይተዋል፤ ሻፊዒ የማሊክ ተማሪ ነበሩ፤ ተማሪው ከመምህሩ የተለየ መንገድ ሄደው አክብሮታቸውን አልጣሉም። ሚንሃጅን ቀርቶ ይህን አለማወቅ አይቻልም።

ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ በተቀዳሚ ሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስ የሚመራ አንድ አመራር ሲያቆሙ ብዙ ሰው ያለቀሰው ለዚህ ነበር። ያ እንባ ሙሉ በሙሉ ፍሬ አፍርቷል ለማለት አልደፍርም፤ በምክር ቤቱ ወንበር የተነሣውን ንትርክ ሁላችንም አይተናል። ግን መንገዱ የታየው ያን ቀን ነው።

በገንዘብ ጉዳይ ብዙ አልቆይም። ወለድ እየሸሸ ብሩን ፍራሽ ሥር ያስቀመጠ ነጋዴ ዛሬ የሚገባበት ባንክ አለው። መጀመሪያ መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ከፈቱ፤ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ተከተለ። ይህ ለዘመናት ከአገሩ የገንዘብ ሥርዓት ውጭ ለቆመ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። የሚቀረው አማናው ነው። ሙራበሓ፣ የትርፍ ሽያጭ፣ ተብሎ የተጻፈ ውል ላይ ዕቃው በትክክል ተገዝቶ ተሸጧል ወይ? ደንበኛው የፈረመውን ተረድቷል ወይ? ለሸሪዓ አማካሪዎቹ ይህን መጠየቅ የሥራቸው መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ሊሆን ይገባል። ዘካም እንዲሁ ነው። ሀብት ኒሷብ ሲሞላ፣ ማለትም 85 ግራም ወርቅ ሲያህል፣ ከገንዘብ 2.5 በመቶ ይወጣል። አሁንም ብዙው ሰው በእጁ፣ በሚያውቀው ሰው በኩል ነው የሚሰጠው። ጥሩ ጎኑ ደሃው በስም ይታወቃል፤ መጥፎ ጎኑ ሰው የሌለው ደሃ ይረሳል።

ከዘካም በላይ ብዙ ቤት የሚያኖረው ግን ሪያድና ጅዳ፣ ዱባይና ቤይሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ልብስ አጥበው፣ ሕፃን አሳድገው የሚልኩት ብር ነው። በዚያው ብር መስጊድ ይታነጻል፤ የታናሽ ወንድም ባጃጅ ይገዛል፤ እሷ ስትመለስ ግን አንዳንዴ የሚቀበላት ወሬና ሐሜት ነው። ቤተሰቡ ሐቋን ይከፍላት ዘንድ ማን ኹጥባ ያደርጋል? ቁርአን ለሴት ልጅ የራሷን ንብረት፣ የራሷን መህር፣ የራሷን ውርስ ቆርጦ ሰጥቷታል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ 188 የተጠናከሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሁለቱ ወገኖች ፈቅደው ሲመጡ ይህንን ለመጠበቅ ነበሩ። ውርሷን ለወንድሞቿ «ትቻለሁ» ብላ እንድትፈርም የምትገፋ እህት ግን በየገጠሩ አለች፤ ይህ የሸሪዓም የሕገ መንግሥትም ጥሰት ነው፤ ስሙ ባህል ስለተባለ አይነጻም።

አዲስ አበባ ውስጥ በምኖርበት ሰፈር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የቅዳሜ መድረሳ አለ። ደጃፉ ላይ የልጆች ጫማ ተዝረክርኮ ሰው ማለፊያ ያጣ ነበር። ኡስታዙ ዕድሜያቸው ሰባ የሚጠጋ፣ ከወሎ የመጡ፣ እግራቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ልጄን ላደርስ ስሄድ ጎንበስ ብለው፣ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ደግፈው፣ የልጆቹን ጫማ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ እያዞሩ ሲደረድሩ አየኋቸው። ላግዝዎ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ገብተው ተቀመጡና ትምህርት ጀመሩ፤ ስለ ጫማው ምንም አላሉም። ሁለተኛው ቅዳሜም እንዲሁ አደረጉ። በሦስተኛው ስንደርስ አንዲት ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ ሒጃቧ ወደ ኋላ ተንሸራትቶባት፣ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብላ ጫማ ስትደረድር አገኘናት። ልጄ እጄን ለቀቀና አጠገቧ ተቀመጠ።